በአንድ አፍ የተመለሰ መጠይቅ

ለመመረቂያ ጽሑፌ ወንፈልን እንደመረጥኩ ስነግራት የዶርም ጓደኛዬ ከት ብላ ሳቀችብኝ። እሷም እንደኔው የገበሬ ልጅ ናት፤ ከመርጡለ ማርያም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ተምረሽ፣ መጥተሽ መጥተሽ ስለ ወንፈል?» አለችኝ። ለሷ ወንፈል ማለት ሰው ማሳ ውስጥ ወገብ እስኪቆረጥ አጎንብሶ መዋል ነው እንጂ የሚጻፍበት ነገር አይደለም። እኔ ግን የራሴ ስሌት ነበረኝ። ዛሬ የእኔን ማሳ ብታርሙልኝ ነገ የእናንተን አርማለሁ፤ ቀን ለቀን፣ ጉልበት ለጉልበት። ይኼው ነው ወንፈል። እናቴም አጎቴም ሲውሉበት እያየሁ ያደግሁበት ነገር ነው። ስለማላውቀው የከተማ ሥራ አጥነት ከምጨነቅ የማውቀውን ጽፌ ቶሎ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። እንዲያ ዓይነት የዋህነት ከዚያ ወዲህ አልመጣብኝም።

ሶሺዮሎጂ ውስጥ «ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ» ማለት አይሠራም። አማካሪዬ የሆነው መምህር ገና የመጀመሪያዋን ገጽ ሳስረክበው በየአንቀጹ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ማን አለ?» እያለ ጽፎ መለሰልኝ። እናቴ ናት ያለችው አልለው ነገር። ሰውየው ከደቡብ የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ተማሪ የማይሰድብ መምህር ነው። የማይሳደብ ሰው ሲከፋበት ግን ከተሳዳቢው ይብሳል፤ ዝም ብሎ ያይሻል።

ስለዚህ ምንጭ ፍለጋ ወጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት የሶሺዮሎጂ መጻሕፍት ወፋፍራም ናቸው፤ የሚያወሩት ግን በሰው አገር ስላሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ነው። በቴሌግራም ያለን የክፍል ግሩፕ ውስጥ «ስለ ወንፈል ፒዲኤፍ ያለው?» ብዬ ብለጥፍ አንዱ የመዝሙር ሊንክ፣ ሌላው የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ኔትወርኩም ደብረ ማርቆስ ላይ እንደ ሰማዩ ነው፤ ከፈት ይላል፣ ከዚያ ይዳምናል። የማወርደው ጽሑፍ ሁልጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል።

በመጨረሻ ሁሉም ወደሚሄድበት ሄድኩ። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱት ቤቶች ውስጥ፣ ከጽሕፈቱ ሌላ ያለቀለት የመመረቂያ ጽሑፍም ይገኛል። ባለቤቱን «ወንፈል ይኖርሃል?» አልኩት፤ ሱቅ ሄጄ ጨው የምጠይቅ እየመሰለኝ። «አለ» አለኝ ቀና ሳይል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ የወረዳውን ስምና ሽፋኑን መለወጥ ብቻ። ከኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ አነበብኩ። የገበሬዎቹ መልስ እንዴት እንደሚያምር። ከፊሉ በጣም ይስማማል፣ ከፊሉ ይስማማል፣ ጥቂቱ አይስማማም፣ ሌላው ደግሞ አስተያየት የለውም። አስተያየት የሌለው ገበሬ ከየት እንዳገኙ እግዜር ይወቀው። «አስቢበትና ተመለሽ» አለኝ። እሽ ብዬ ወጣሁ፤ ያ የተፈበረከ ወረቀት ግን እኔ ከማልመው ወረቀት ይበልጥ ወረቀት ይመስል ነበር።

መንገድ ያሳየችኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበረች። ጋቢዋን ተከናንባ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ወሬ የሚያወራ ተማሪ ስታይ ብቻ መነጽሯን የምታወልቅ ሴትዮ ናት። ካታሎጉን ስገለባብጥ ብዙ ካየችኝ በኋላ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ወደ ኋለኛው ክፍል ወስዳ የቀድሞ ተመራቂዎች ጽሑፎች የተደረደሩበትን መደርደሪያ አሳየችኝ። «እነዚህን ለመገልበጥ ብለሽ እንዳታነቢያቸው» አለች፤ «መጨረሻቸውን አንብቢ። የዋቢ ዝርዝሩን። እነሱ ከየት እንዳገኙ ካወቅሽ አንቺም እዚያው ትሄጃለሽ። ያጣሽውን ርዕሱን ጽፈሽ ለኔ አምጪልኝ፣ ሌላ ቦታ ካለ አስፈልግልሻለሁ።» ይህን የመሰለ ቀላል ነገር እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም። ስለ እድርና ስለ ደቦ የጻፉ ሰዎች በየዝርዝሩ ተያይዘው መጡልኝ፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ። በሳምንታት ውስጥ «ማን አለ?» የሚለው ቀይ ጥያቄ መልስ አገኘ። መምህሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ነቀነቀና «አሁን ገበሬዎቹን ጠይቀሽ ነይ» አለኝ።

መጠይቄን አባዝቼ በየካቲት ወደ አገሬ፣ ወደ አማኑኤል ከተማ ወረድኩ። የአጎቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር የሚያስኬድ ነው። አስቀድሜ ደውዬ «ለየብቻ የማነጋግራቸው ወንፈል የሚገቡ ሰዎች ይፈልጉልኝ» ብዬው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስደርስ ሁሉንም በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስቧቸው አገኘሁ። ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ።

«አጎቴ፣ ለየብቻ ብዬዎት ነበር እኮ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለየብቻ ምን ሊባል ነው?» አለኝ፣ እሱ ግን ሹክሹክታ አያውቅም። «ሰው ለብቻው ተጠርቶ ቃሉን የሚሰጠው ሲከሰስ ነው። እነዚህ ምን አጠፉ?»

የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ስናገር አጎቴ ልክ መሰለኝ። ያገሬን ሰው ከዛፍ ሥር አንስቼ፣ ጥግ ወስጄ፣ ወረቀት ይዤ «አንተስ?» ብለው ምን ይለኛል? ስለዚህ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። በወንፈል ቀን የቀረ ሰው ምን ይደረጋል? እርስ በርሳቸው ለረጅም ጊዜ አጉረመረሙ። ከዚያ ከመካከላቸው ታላቁ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው መለሱ። «ታሞ ከቀረ ሄደን እንጠይቀዋለን። ሳይታመም ከቀረ በሽማግሌ እናስጠይቀዋለን።» ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። «እንደሱ ነው» አሉ ሁሉም። ሁለተኛውን ጠየቅሁ። ጉርምርምታ፣ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ «እንደሱ ነው»። እኔም በእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ላይ የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። አንድም ቦታ እንግዳ ነገር አልታየኝም። እንዲያ አይደል ሰው የሚጠየቀው? ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቢሆን ገና ከዛፉ ሥር ሲደርስ ይደነግጥ ነበር።

መጋቢት ላይ ወረቀቶቹን ለአማካሪዬ ሰጠሁት። አንዱን አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። ከዚያ ማንበቡን ትቶ ማገላበጥ ጀመረ። «ሁሉም በአንድ ቃል ነው የመለሱልሽ?» አለኝ።

«አዎ መምህር።»

«አንድም የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጫፋቸውን አስተካከለና ወደኔ ገፋቸው። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ መልሱን ራሱ እየፈጠረ መጠይቅ የሚሞላ ተማሪ ብዙ እንዳየ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ግን አይቶ እንደማያውቅ፣ ቢያንስ ሌሎቹ መልሱን ለመለያየት እንደሚደክሙ ነገረኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ይህን መቀበል እንደማይችል፣ ሌላ መረጃ ካላመጣሁ ከክፍሌ ልጆች ጋር መመረቄ እንደሚቀር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ርዕስ መፈለግ እንደሚሻል ተናገረ።

ከቢሮው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። እናቴ ለምረቃዬ የሚለበስ ጥበብ ለሸማኔ ሰጥታለች፤ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ያ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ሥራሽ ደካማ ነው ቢለኝ እችለው ነበር። ውሸት ነው አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ወረቀት እውነት የሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ምክሯ አጭር ነው። «መልሱን ለያይው» አለች። «አንዱ ይስማማል፣ አንዱ አይስማማም በይ። አንች ደግሞ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» ሞከርኩት። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ባዶ መጠይቅ ዘረጋሁና የመጀመሪያውን ገበሬ «በወንፈል አላምንም» ላስብለው ብዕሬን አነሳሁ። የሰውየው ፊት መጣብኝ። ከዛፉ ሥር ሆኖ ሲስቅ፣ ስነሳ ደግሞ «መንገድሽን ያቅናልሽ» ሲለኝ። እሱ ያላለውን በአፉ ላስገባው ነው። እጄ እምቢ አለኝ፤ ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። እዚያ ቤት ውስጥ ማልቀስ ደግሞ አይቻልም፤ ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ዛፉ፣ ስለ ጉርምርምታው፣ ስለ ሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳት። ሄዳ አንድ የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰችና ማውጫውን በጣቷ እየተከተለች አንድ ምዕራፍ ላይ አቆመችኝ። የቡድን ውይይት። ሰዎችን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ፤ የሚሉትን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚባባሉም መመዝገብ። «ያደረግሽው ይሄ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ስሙን ሳታውቂው አድርገሽው ነው እንጂ። ይህን ይዘሽ ተመለሽና አስረጂው። ሰው ነው፣ ይሰማል።»

መጽሐፉን ታቅፌ ሄድኩ። መምህሩ ምዕራፉን ያውቀዋል፤ እንዲያውም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እኔ ነኝ ፈተና ካለፈ በኋላ የረሳሁት። ታሪኩን እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ይሄ ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን እዚያ መሄድሽን በምን አውቃለሁ?»

ስልኬን አወጣሁ። «ይደውሉና ይጠይቁ» አልኩት። ዕለቱ የማርያም በዓል ስለነበር አጎቴ ሥራ አልወጣም፤ ወዲያው አነሳ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«የልጅቷ መምህር ነኝ» አለ አማካሪዬ።

«ምን ሆነች?» አለ አጎቴ በድንጋጤ።

«ደኅና ናት፣ እዚሁ አጠገቤ ናት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። በወንፈል ቀን የቀረን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እሽ ጌታዬ። ትንሽ ይታገሡኝ» አለና ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ መጣራት ጀመረ። ውሻ ጮኸ። በር ተንቋቋ። አማካሪዬ ወደኔ ተመለከተ፤ እኔ ወደ መሬት።

«የት ሄዱ?» አለ መምህሩ።

«ሰዎቹን እያስጠራሁ ነው፣ ጌታዬ። ከታች ከዘመዶቻችን ቤት ናቸው፤ አሁን ይደርሳሉ።»

«አይ፣ እኔ የእርስዎን ሐሳብ ብቻ ነው የፈለግሁት። ለብቻዎ ምን ያስባሉ?»

አጎቴ ቸገረው። «ለብቻዬ?» አለ። «ለብቻዬ ምን አስባለሁ፣ ጌታዬ? ወንፈሉ የሁላችን ነው። እነሱ በሌሉበት ብመልስ በኋላ ምን ይሉኛል?»

መምህሩ አፉን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁና መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከስልኩ ውስጥ የእግር ኮቴ፣ ሳል፣ የሰላምታ ግርግር መጣ፤ ከዚያ ያ ረጅም ጉርምርምታ፣ ከዚያ የሽማግሌው ጉሮሮ ተጠረገ። «ታሞ ከቀረ ሄደን እንጠይቀዋለን። ሳይታመም ከቀረ በሽማግሌ እናስጠይቀዋለን።» ከኋላቸው «እንደሱ ነው» የሚለው ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

ያን ቅጽበት የተሰማኝን በጥሩ ቃል ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ከጀርባዬ ላይ እንስራ ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ሳይፈቀድልኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መምህሩ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያመሰገነ ያህል አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ብዕሩን አነሳ። «መልሱን ጽፈሻል» አለ፤ «ጉርምርምታውስ የት አለ? ወደ አንድ አፍ የሚደርሱት እንዴት ነው? ጽሑፍሽ እሱ ነው። ተመልሰሽ ሂጂና ማጉረምረሙን ጻፊልኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ ያንኑ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በዚህኛው ጊዜ ብዕሬን ያነሳሁት ሽማግሌው ሲናገሩ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ለካ ያ ሁሉ ሰው የሚስማማው ተከራክሮ ነው። በሬው የሞተበት ሰው በሰው በሬ የታረሰለትን ቀን በገዛ ጉልበቱ መመለስ ይችላል ወይ የሚለውን ሲፋጩበት ሰማሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት «እኔ ጎረምሳ የለኝም፤ አረም ላይ ግን ከማንኛችሁ አንሳለሁ?» ብላ ስትሟገት፣ ሌላው በዝግታ ሲመልስላት፣ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሲለዝብ ቆየ። ሽማግሌው የተናገሩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። እኔ የእሳቸው ሐሳብ ሲመስለኝ የኖረው የሁሉም ነበር። ለጽሑፌ የሚሆነኝን አገኘሁ፤ አዲስ የተነሳብኝን ጥያቄ ሁሉ ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ መደርደሪያ ተመለስኩ፤ የዶርም ጓደኛዬም ሳቋን ትታ ሰዋስዌን አረመችልኝ፤ እኔም በተራዬ የሷን። ሰኔ ላይ ጽሑፌን በመምህራን ፊት ተከላከልኩ። አንዱ ፈታኝ «ለየብቻ ለምን አልጠየቅሻቸውም?» ሲለኝ ከመመለሴ በፊት አማካሪዬን አየሁት። አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

ማለፌን እንዳወቅሁ መጀመሪያ ለእናቴ፣ ቀጥዬ ለአጎቴ ደወልኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ መረቀኝና «በይ እንግዲህ፣ አረሙ ሲደርስ ነይ» አለኝ።

«የት?»

«የት ትያለሽ? ወንፈል ነዋ። ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር የዋልንልሽ በወንፈል አይደል? አንችን ከዚያን ቀን ጀምሮ አስገብተንሻል።»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ መጋቢትን ሙሉ፣ ረዳት የለኝም ብዬ ስብሰለሰል እነሱ ከራሳቸው ቆጥረውኝ ኖረዋል። እኔ የማጠናቸው መስሎኝ ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ ነሐሴ ላይ ሄድኩ። ተራው የሽማግሌው የጤፍ ማሳ ነበር። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ካፊያው አያቆምም፣ አረሙና ጤፉ እጅ ሳይለምድ አይለዩም። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት አጠገቤ ሆና ጤፍ ስነቅል በእጇ እየመታች ትመልሰኛለች። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ደስ ግን ብሎኛል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አጎንብሼ አላውቅም።

የደብሩ ቄስ በማሳው ዳር ሲያልፉ ጥላቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ሥራችሁን ይባርክ አሉና ከመካከል እኔን ለዩኝ። «አንች ልጅ፣ ትምህርቱን ከምን አደረስሽው?»

ቀና ብዬ ልመልስ ስል በተርታው ላይ ያ ጉርምርምታ ተነሳ። አፌን ዘጋሁ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨርሳለች አባ» አሉ። «በደንብ ነው የጨረሰችው። እኛም አግዘናታል።»

ቄሱ እንዲህ ነው ወይ እንደማለት ወደኔ ተመለከቱ። እጄ ላይ ያለውን አረም እንደያዝኩ፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ፣ «እንደሱ ነው» አልኳቸው።